የአበው ታሪክ በሥዕል፤ ለቤተ ሰብ ትምህርት

ልጅን ማሳደግ ማለት ሥጋውን መመገብና አካሉን ማልበስ ብቻ እንዳልሆነ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነፍስም እንደ ሥጋ ሁሉ ዕለት ዕለት ምግቧን ትሻለችና፥ ወላጅ ለልጁ እንጀራ ሲያቀርብ ቃለ እግዚአብሔርንና የአባቶችን ዜና አብሮ ሊያቀርብለት ይገባዋል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ሕጉን ለልጆች እንዲያስተምሩ ወላጆችን ሲያዝ፥ በቤት ሲቀመጡም፥ በመንገድ ሲሄዱም፥ ሲተኙም፥ ሲነሡም እንዲያጫውቷቸው አዝዟል። አስተውለን ብናይ በዚህ ትእዛዝ በመጀመሪያ የተጠራው ስፍራ ቤት ነው። ቤተ መቅደሱም፥ የመምህሩ ጉባኤም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ዳግመኛም በመጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 4 እንደምናነበው፥ እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ተነሥተው በጌልገላ እንዲተከሉ ታዘዘ። ምክንያቱም ልጆች በኋላ ዘመን ድንጋዮቹን አይተው ምንነታቸውን ሲጠይቁ፥ አባቶች የተደረገውን ተአምር እንዲነግሯቸው ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይገኛሉ፤ እነርሱም በዓይን የሚታይ ምልክት፥ የልጅ ጥያቄና የአባት መልስ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ትምህርቱ ይጎድላል። ምልክቱ ከሌለ ልጁ አይጠይቅም፤ ልጁ ካልጠየቀ የአባት ነገር ሰሚ እንዳጣ ድምፅ ይቀራል፤ አባት ካልመለሰ ደግሞ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

የቅዱሳንን ገድልና የአገርን ታሪክ በሥዕል የያዘ መጽሐፍ በክርስቲያን ቤት ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት ከነዚያ ከጌልገላ ድንጋዮች ጋር የሚመሳሰል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ምን ጥቅም እንዳለው፥ ወላጆችም እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚገባ፥ ሊጠነቀቁበት የሚገባውም ነገር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመለከታለን።

ሥዕል በቤተ ክርስቲያን የትምህርት መሣሪያ ነው

በሥዕል ማስተማር በዛሬ ዘመን የተፈጠረ ብልሃት አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ 40ው ሰማዕታት በሰበከው ስብከት፥ ቃል ለጆሮ የሚነግረውን ሥዕል በዝምታ ለዓይን እንደሚያሳይ አስተምሯል። ወንድሙ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም በሰማዕቱ በቴዎድሮስ ቤተ ክርስቲያን የሰማዕቱ ተጋድሎ ተሥሎ አይቶ፥ ሥዕል ምንም እንኳ አፍ ባይኖረው ከግድግዳ ላይ ሆኖ እንደሚናገርና እንደሚጠቅም መስክሯል። እነዚህ ሊቃውንት ሥዕልን ያከበሩት ለጌጥ ብለው ሳይሆን፥ ማንበብ የማይችለው ምእመን በዓይኑ እንዲያነብብ ብለው ነው።

በአገራችንም ይህ ልማድ እጅግ የቆየ ነው። በዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌላት፥ ብራናቸው ተመርምሮ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚውል የታወቀ ሲሆን፥ በውስጣቸው የወንጌላውያን ሥዕል ይገኛል። ከዚያም በኋላ ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ተመልሶ፥ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሥርዓት በበዓላት እንዲነበብ በተደረገ ጊዜ፥ ብዙ የተአምር መጻሕፍት በየታሪኩ ሥዕል እየተጨመረባቸው ተጽፈዋል። በጎንደር ዘመንም የቅዱሳን ገድላት በሥዕል አሸብርቀው ተጽፈዋል። ወደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ እንደ ሆነ፥ ጣሪያውም በመላእክት ፊት እንደ ተሸፈነ ያያል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት ለብዙ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልወጣም። አንድ የብራና መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፥ የጸሓፊና የሠዓሊ የብዙ ወራት ድካም ያስፈልግ ስለ ነበረ፥ ተራ ገበሬ በቤቱ ሊያኖረው አይችልም ነበር። ልጁ ሥዕሉን የሚያየው በበዓል ቀን በእናቱ ጀርባ ሆኖ ወይም የአባቱን እጅ ይዞ ሲሳለም ነው፤ ታሪኩን ግን ወደ ቤቱ ይዞት ይመለስ ነበር። የማተሚያ መኪና ከመጣ ወዲህ ሁኔታው ተለወጠ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተመ ያሠራጨው የፊደል ገበታ ብዙ ልጆች በየቤታቸው ፊደል እንዲቈጥሩ እንደ ረዳ ሁሉ፥ ዛሬም የታተመ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ቀድሞ በቅጥር ውስጥ ብቻ ይገኝ የነበረውን ትምህርት ወደ ምእመኑ ቤት ሊያመጣ ይችላል።

በሌላውም ዓለም መምህራን ይህንኑ ተረድተውት ነበር። የሞራቪያው ተወላጅ ዮሐንስ አሞስ ኮሜንዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ከተማ ለልጆች ያሳተመው መጽሐፍ በየገጹ ሥዕል ያለበት ሆኖ፥ በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ቍጥር በጽሑፉ ውስጥ ካለው ቃል ጋር የሚገናኝ ነበር። ልጁ ቃሉን ሲያነብብ ቍጥሩን ይከተልና ነገሩን በዓይኑ ያገኘዋል። ይኸው ሰው አስቀድሞ የጻፈው ሌላው መጽሐፍ ደግሞ ሕፃናት እስከ 6 ዓመት ድረስ በእናታቸው እጅ በቤት ስለሚማሩት ትምህርት የሚናገር ነው። ሥዕልና የቤት ትምህርት የተጓዳኙ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

የማቅሪና ቤት ምሳሌነት

በቤት ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ለማወቅ፥ ከላይ ስማቸውን ያነሣናቸውን የሁለቱን ወንድማማች ሊቃውንት ቤት ማየት ይበቃል። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ስለ ታላቅ እኅታቸው ስለ ቅድስት ማቅሪና የጻፈው ገድል እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚያ እንደ ተጻፈው፥ እናታቸው ኤሚልያ ልጅዋን ማቅሪናን ስታስተምር፥ በዚያ ዘመን ልጆች ይማሩት የነበረውን የአሕዛብን የግጥም ተረት ትታ፥ ከመጽሐፈ ጥበብ ልጅ ሊረዳው የሚችለውን እየመረጠች፥ የዳዊትንም መዝሙር በየሰዓቱ እያስጠናች አሳደገቻት። ማቅሪናም በተራዋ አባቱ በሕፃንነቱ የሞተበትን ታናሽ ወንድሟን ጴጥሮስን ተቀብላ፥ አባትም፥ መምህርም፥ መካሪም ሆና አሳደገችው፤ እርሱም በኋላ የሰባስትያ ኤጲስ ቆጶስ ለመሆን በቃ።

እንግዲህ ከአንድ ቤት ሦስት ኤጲስ ቆጶሳትና አንዲት ታላቅ መናኝ ወጡ። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ በአደባባይ ትምህርት ቤት ንግግርን ተምረዋል፤ የእምነታቸው መሠረት ግን የተጣለው በቤታቸው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክቱ፥ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ እምነት መሆኑን ያስታውሰዋል። «ልጅ በጡት፥ እህል በጥቅምት» የሚለው የአገራችን ብሂልም ይህንኑ ያጸናል።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር እናስተውል። ኤሚልያ ያላትን ሁሉ በልጅዋ ፊት አልዘረገፈችም፤ ለዕድሜዋ የሚስማማውን መረጠችላት እንጂ። ለልጅ የሚሰጥ ባለ ሥዕል መጽሐፍም እንዲሁ ተመርጦና ተመጥኖ ሊሰጥ ይገባዋል። መጽሐፍ በብዛት ገዝቶ በልጅ ፊት መከመር ማስተማር አይደለም። አንዱን ሥዕል ብዙ ቀን አይቶ፥ አንዱን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቶ በልቡ ያሳደረ ልጅ ይበልጥ ይጠቀማል።

አንዱን ገድል በሥዕል ስለ ማስተማር

ወላጆች ሥራውን በተግባር እንዲረዱት፥ የአባታችንን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ ለምሳሌ እናቀርባለን። ይህን ታሪክ ሩፊኖስ የተባለው ጸሓፊ ከራሱ ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ ጽፎታል። ታሪኩ በ7 ሥዕሎች ሊከፈል ይችላል።

በመጀመሪያው ሥዕል የጢሮስ ሰው ሜሮጵዮስ ሁለቱን ልጆች ይዞ በመርከብ ሲጓዝ ይታያል። በሁለተኛው መርከቡ ለውኃና ለስንቅ ከወደብ በቆመ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ተጓዦቹን ሲገድሉ፥ ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ይገኛሉ። በሦስተኛው በንጉሡ ፊት ቀርበው፥ ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስ የመዝገብ ጠባቂና ጸሓፊ ሆነው ይሾማሉ። በአራተኛው ንጉሡ ሞቶ፥ ንግሥቲቱ ሕፃኑ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ትለምናቸዋለች። በአምስተኛው ፍሬምናጦስ በአገሩ የሚነግዱትን ክርስቲያኖች ፈልጎ ሰብስቦ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ ያበረታታቸዋል። በስድስተኛው ወደ እስክንድርያ ወርዶ በቅዱስ አትናቴዎስ ፊት ቆሞ ለአገሩ ጳጳስ እንዲላክ ሲለምን፥ አትናቴዎስ ራሱን ፍሬምናጦስን ይሾመዋል። በሰባተኛው የአክሱም ንጉሥ ሳንቲም ይታያል፤ በአንድ ወገን ቀድሞ የነበረው የጨረቃና የክበብ ምልክት፥ በሌላው ወገን በእርሱ ፋንታ የገባው መስቀል።

አሁን ወላጅ እንዴት ያስተምር? በመጀመሪያ ዝም ይበል። ልጁ ሥዕሉን እስኪጠግብ ይመልከት፤ ያየውንም በራሱ ቃል ይናገር። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት ልጁ ሳያይ እነርሱ መናገር በመጀመራቸው ነው። ሁለተኛ፥ ልጁ ይጠይቅ፤ ካልጠየቀ ወላጁ ቀለል ያለ ጥያቄ ያቅርብለት፤ «እነዚህ ልጆች ምን ይዘዋል? ለምንስ ከሌሎቹ ተለይተው ተቀመጡ?» ይበለው። ሦስተኛ፥ ወላጁ ታሪኩን ያለ ጥድፊያ ይንገር። አራተኛ፥ በሌላ ቀን መጽሐፉ ተከድኖ ልጁ ራሱ ይንገር፤ የረሳውንም መጽሐፉን ገልጦ ይፈልግ። በመጨረሻም የበዓሉ ቀን ሐምሌ 26 ሲደርስ፥ ልጁ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ሲጠራ ሲሰማ ያንን የዛፍ ሥር ልጅ ያስታውሳል፤ ቅዱሱም ለእርሱ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለልጅ የሚሆን ብዙ ስንቅ አለ። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በተማረኩ ጊዜ ልጆች ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረውም ትምህርታቸው ብቻ ነበር። በባዕድ አገር በታማኝነት ስላገለገሉ የአንድ ሕፃን አደራ ተሰጣቸው። ከዚያ አደራ የአንዲት አገር እምነት ሰፋ። አንድ ልጅ፥ «ኤዴስዮስ ለምን ከወንድሙ ጋር ወደ እስክንድርያ አልሄደም? ጥፋተኛ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ መልካም ትምህርት ነው፤ ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተመለሰ፥ በዚያም ቅስናን ተቀብሎ አገለገለ፤ እርሱ ባይተርክ ኖሮ ይህን ታሪክ ባላገኘን ነበር። እግዚአብሔር ለአንዱ መሾምን፥ ለአንዱ መመስከርን ይሰጣል።

በሥዕል ውስጥ እውነትን ስለ መጠበቅ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንደርሳለን። ሕፃን ወላጁ የነገረውን ሁሉ ያምናል። ስለዚህ ልጅን በታሪክ የሚያስተምር ሰው ትልቅ አደራ ተሸክሟል። ልጁ አድጎ ብዙ መጻሕፍትን በሚያነብብበት ጊዜ፥ ወላጁ እርግጠኛ ነው ብሎ የነገረው ነገር እርግጠኛ አለመሆኑን ቢያገኝ፥ የሚጠራጠረው ያንን አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከዚያው አፍ የሰማውን ወንጌልም ወደ መጠራጠር ይደርሳል። ብዙ ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁት የሃይማኖትን ምሥጢር ስለ ናቁ ሳይሆን፥ ለጥያቄያቸው ቅን መልስ ስላጡ ነው። በመሆኑም ለእግዚአብሔር ክብር ተብሎ እንኳ ቢሆን በታሪክ ላይ መጨመር አይገባም፤ እግዚአብሔር በእኛ ፈጠራ የሚከብር አይደለምና።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። በየቤቱና በየአዳራሹ ተሰቅሎ የሚገኘው የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ለብዙ ልጆች የታወቀ ነው። በሥዕሉ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ይታያሉ፤ በሰማይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት በሙሉ ፊቱ፥ የጠላት ሠራዊት ግን በአንድ ዓይኑ ብቻ ተሥሏል። አስተዋይ ወላጅ በዚህ ሥዕል ውስጥ ያሉትን ሦስት ነገሮች ለልጁ ለይቶ ያስረዳዋል።

1ኛ፥ በታሪክ የተመሰከረ ነገር አለ። ጦርነቱ በዕለተ እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በቦታው ነበሩ፤ የጣልያን ጦር ተሸነፈ። ይህን ወዳጅም ጠላትም ጽፎታል።

2ኛ፥ የእምነት ምስክርነት አለ። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ስለ ነበረ፥ የሠራዊቱ ካህናትና ምእመናን ድሉን በሰማዕቱ አማላጅነት የተገኘ መሆኑን አምነዋል፤ ሠዓሊውም ይህን እምነት በቀለም ገለጠው። ወላጅ ይህን ሲያስተምር፥ «ይህ በሥጋ ዓይን የታየ ነው» ከማለት ይልቅ «አባቶቻችን ይህን አመኑ፤ እኛም እናምናለን» ይበል። የታየና የታመነ የተለያዩ የእውነት መንገዶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

3ኛ፥ የሠዓሊው ልማድ አለ። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይን፥ ኃጥእ ወይም ጠላት በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህ የልብን ሁኔታ የሚገልጥ ምልክት እንጂ የሰውን መልክ የሚያሳይ አይደለም። እንዲሁም በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ እንደ ያዙ በኤርትራ ባሕር ሲሰጥሙ ይታያሉ። ልጅ ይህን አይቶ ቢስቅ አይቈጡት፤ ሠዓሊው ኃይለኛ ሠራዊት ማለትን በዘመኑ በሚያውቀው መሣሪያ እንደ ገለጠ ይንገሩት። እንዲህ የተማረ ልጅ ሥዕልን አይንቅም፤ በሥዕልም አይታለልም።

በአባ ሰላማ ታሪክም እንዲሁ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት በዚያን ዘመን የነገሡትን አብርሃና አጽብሓ ብሎ ይጠራቸዋል። ሩፊኖስ የንጉሡን ስም አይጠቅስም። የድንጋይ ጽሕፈቶችና ሳንቲሞች ዔዛና የሚለውን ስም ይሰጡናል፤ የሮሙ ንጉሥ ቈንስጣንጥዮስ ሁለተኛ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ፍሬምናጦስ የላከው ደብዳቤም ለዔዛናና ለሳይዛና የተጻፈ ነው። ወላጅ ሁሉንም እንደየምንጩ ቢነግር፥ ልጁ ታሪክ ከምን ከምን እንደሚገኝ ከሕፃንነቱ ይማራል፤ ለትውፊትም፥ ለድንጋይ ጽሕፈትም፥ ለደብዳቤም የየራሱን ቦታ መስጠትን ያውቃል።

የሰማዕታትን መከራ ስለ ማሳየት

ብዙ ወላጆች የሚጠይቁት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የሰማዕታት መከራ ለሕፃን ይታይ ወይስ ይሰወር የሚል ነው። መከራውን ፈጽሞ መሰወር አይቻልም፤ የሃይማኖታችን ምልክት መስቀል ነውና። ነገር ግን በሥዕል ደምንና ቍስልን አብዝቶ ማሳየት ሕፃኑን ከማስተማር ይልቅ ያስፈራዋል፤ ወይም ልቡን ያደነድነዋል።

የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ እንውሰድ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት እኒህ አባት፥ ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ለ6 ዓመት ሕፃን ይህን ለመንገር የተኲሱ ሥዕል አያስፈልግም፤ አባቱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው የሚያሳይ ሥዕል ይበቃዋል። «እውነትን ትተው መኖር ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን እውነትን መረጡ» ቢባል ሕፃን ይረዳዋል። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ፍርዱንና አገዳደሉን በሙሉ ሊሰማ ይችላል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ላይ ስለ ተፈጸመው እልቂትም እንዲሁ፥ በዕድሜ የበሰለ ልብ ሲገኝ በሙሉ ይነገር።

በዚህ ላይ ወላጅ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባው ጥላቻን እንዳይዘራ ነው። የሰማዕት ታሪክ የሚነገረው ልጁ እንደ ሰማዕቱ እንዲጸና እንጂ የገዳዩን ወገን ሁሉ እንዲጠላ አይደለም። በዐድዋ የተማረኩት ጣልያኖች በ1889 ዓ.ም. ከተደረገው የሰላም ውል በኋላ ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ከድሉ ጋር አብሮ መንገር ይገባል። ምርኮኛን መመለስ የድሉ አካል ነውና። ዳግመኛም የአገራችን ወገኖች እርስ በርሳቸው የተዋጉበትን ታሪክ በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ ቢገኝ፥ ወላጅ አስቀድሞ ራሱ ያንብበው። የጎረቤቱን ልጅ በአንድ ዓይን እንዲያይ የሚያደርግ መጽሐፍ፥ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር በክርስቲያን ቤት ቦታ የለውም።

ለቅዱሳት ሥዕላት ስለሚገባው ክብር

የታሪክ ሥዕልና የጸሎት ሥዕል የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በጸሎት ቦታ በመጋረጃ ተሸፍኖ የተቀመጠው የእመቤታችን ሥዕል ልጅ የሚጫወትበት አይደለም። የልጅ መጽሐፍ ግን የሚገለጥ፥ የሚዳሰስ፥ ሲዘወተርም የሚያረጅ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ የጌታችን፥ የእመቤታችንና የቅዱሳን መልክ ስላለበት እንደ ተራ ወረቀት መጣል የለበትም። ልጁ እጁን ታጥቦ እንዲገልጠው፥ መሬት ላይ እንዳይጥለው፥ በቅዱሳን ፊት ላይ እንዳይጽፍ በለዘብታ ይነገረው። ባረጀ ጊዜም ምን መደረግ እንዳለበት የንስሐ አባት ይጠየቅ። ልጅ ለመጽሐፉ የሚሰጠውን ክብር አይቶ ለቤተ መቅደስ የሚገባውን ክብር ይማራል።

መጽሐፍ ለሌላቸውና ከአገር ርቀው ለሚኖሩ

ምናልባት አንዳንዱ ምእመን፥ «መጽሐፍ የምገዛበት የለኝም፤ እንዴት ልሁን?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው የደብሩ ግድግዳ መጽሐፉ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ይዞ ካህኑን አስፈቅዶ በአንዱ ሥዕል ፊት ይቁም፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ወደ ሌላው ይሂድ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ50 የማያንሱ ሥዕሎችን ማየት ይችላል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በረድፍ በረድፍ የሚያሳየው፥ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ያለው የአገራችን ሥዕልም በአንድ ሸራ ላይ የተዘረጋ ሙሉ መጽሐፍ ነው። ልጁም ቤቱ ሲመለስ ያየውን በእርሳስ ይሣል። መልኩ ባያምርም ነገሩ በልቡ ይታተማል። ቅዱስ ያሬድ በትምህርቱ ደክሞ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ እየወደቀ እየተነሣ ወደ ዛፉ የወጣውን ትል አይቶ እንደ በረታ ትውፊት ይነግረናል። ይህን ታሪክ ልጅ ሁሉ ሊሥለው ይችላል፤ ትምህርት የከበደው ልጅ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈልገዋል።

በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በሌላውም አህጉር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጭንቀት ከዚህ የተለየ ነው። እነርሱ መጽሐፍ ለመግዛት አይቸገሩ ይሆናል፤ ልጆቻቸው ግን አማርኛ በደንብ አይሰሙም፤ ግዕዙ ደግሞ ከቶ የራቀ ነው። እናት በሥራ ደክማ ማታ ስትመለስ ልጁ በመስታወት ሰሌዳ ላይ የሚሮጠውን የባዕድ ጀግና ሲመለከት ታገኘዋለች። እዚህ ላይ ሥዕል ድልድይ ይሆናል። ቋንቋው ያልገባው ልጅ ሥዕሉ ይገባዋልና፥ በሥዕሉ በኩል ቃሉን ያገኛል፤ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅም በአማርኛ ይመለስለታል። በየማታው ሩብ ሰዓት ከልጅ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ገጽ መግለጥ ለደከመች እናት ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ያ ሩብ ሰዓት በኋላ ዘመን ብዙ እንባ ያስቀራል። የሚሮጠው ሥዕል የልጁን ዓይን ይይዛል፤ ነገር ግን ሲጠየቅ አይመልስም። ለልጁ የሚመልስለት የእናቱ ቃል ነው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የንስሐ አባት ወደ ልጁ ቤት በገባ ጊዜ ለወላጆች ጸበል ከመርጨትና ከመባረክ ጋር፥ «ልጆች ሆይ፥ የትኛውን ቅዱስ ታውቃላችሁ? መጽሐፋችሁን አሳዩኝ» ቢል፥ ወላጆች ይበረታሉ፤ ልጆችም ታሪካቸውን በካህን ፊት ለመንገር ይዘጋጃሉ። መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሊቃውንትም ካህኑን፥ የታሪክ ዐዋቂውንና ሠዓሊውን አስማምተው ቢሠሩ ሥራቸው ጸንቶ ይኖራል፤ ካህኑ ትምህርቱን፥ ዐዋቂው ዘመኑን፥ ሠዓሊው መልኩን ይጠብቃልና።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ልጆቻችን ልባቸው ባዶ ሆኖ አይቈይም። እኛ የአባቶቻቸውን መልክ ባናሳያቸው ሌላ ሰው የሌሎችን መልክ ያሳያቸዋል። ዮርዳኖስን የተሻገሩት አባቶች ድንጋዩን የተከሉት ለራሳቸው አልነበረም፤ እነርሱ በዓይናቸው አይተዋልና። የተከሉት ገና ላልተወለዱት ነው። እኛም በየቤታችን አንድ መጽሐፍ ብንገልጥ፥ አንድ ሥዕል ብናሳይ፥ ለአንድ ጥያቄ በቅንነት ብንመልስ፥ የአባቶችን አደራ ለሚመጣው ትውልድ ማስተላለፋችን ነው። ይህን እንድናደርግ የአባቶቻችን አምላክ ብርታትን ይስጠን፤ የቅዱሳኑም ረድኤት ከልጆቻችን ጋር ይሁን፤ አሜን።